አድማጭ ቁጥር አንድ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ባለቤቴ ናት። «ከእኔ ጋር ካላወራህ ከወረቀት ጋር አውራ» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች። ምክር ይሁን ስድብ አልጠየቅኋትም። ለማንኛውም ተጀመረ።

ዛሬ ሁለተኛው ሴሚስተር ገባ። የማሽን ንዝረት ኮርስ እንደ ወትሮው የእኔ ነው። አዳራሹ ሙሉ፣ የፊት ረድፍ ባዶ፤ ይህም እንደ ወትሮው። የዘንድሮዎቹ ግን አንድ አዲስ ጠባይ አላቸው፤ አፍ የላቸውም። ጥያቄያቸውን የሚነግሩት ለሸሚዛቸው ኮሌታ ነው። አንዱን «ጮክ በል እንጂ፣ ቁርስ አልበላህም?» ስለው አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ደገመው። አሁንም ያው ነው። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩት። ምላሱ አውራ ጣቱ ላይ የቀረ ትውልድ!

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ከሰዓት ላብራቶሪ ዋልኩ። የዶክትሬት ተማሪዬን በልቤ «ቁጥቧ» ነው የምላት። ቃል ስታወጣ ከደሞዟ የሚቆረጥባት ይመስላታል። ሠላሳውን አልፋለች፣ ገና የሕፃናት መዋያ የሚሄድ ልጅ አላት፣ ባሏ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። እስከ ዛሬ ካስተማርኳቸው ሁሉ ሥራዋ የጠራ እሷ ናት። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። ትታበያለች ብዬ ነው።

ጥናቷን ለማንም ሰው በአጭሩ ማስረዳት ይቻላል። ኩሽኔታ በውስጡ ኳሶች ያሉት የብረት ቀለበት ነው፤ የሚሽከረከር ማሽን ሁሉ የሚዞረው ዘንጉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት ድምፁ ይለወጣል። እኛ አርባ ያህሉን አንድ በአንድ መሞከሪያው ማሽን ላይ እያሰርን እናሽከረክራለን። እሷ በሴንሰር ትመረምራቸዋለች፤ አንድ ልምድ ያለው ሰው ደግሞ በጆሮው ይመረምራቸዋል። ከዚያ የሴንሰሩ ፍርድ ከሰውየው ፍርድ ጋር ይመሳከራል። ሰውየው እኔ ነኝ። በጽሑፉ ላይ ስሜ «አድማጭ ቁጥር አንድ» ነው። ሁለት የለም፤ ለምን ያስፈልጋል? የካቻቪቴውን ጫፍ የኩሽኔታው ቤት ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ፊት ካለው አጥንት ላይ አደርጋለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ እየሰማሁ ስንቱን ፋብሪካ ከመቆም አድኛለሁ። ተማሪዎች በሌለሁበት «ጆሮ» ይሉኛል። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ችግሩ በአስራ አንዱ ላይ አለመስማማታችን ነው። ሴንሰሩ ታመዋል ይላል። እኔ ደህና ናቸው እላለሁ።

«እንደገና ለኪያቸው» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«አስራ አንዱንም።»

«እሺ፣ ፕሮፌሰር።»

ሳምንታት ይፈጅባታል። ምን ይደረግ፣ ሥራው ነው።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። እሱም የእኔ ተማሪ ነበር፤ አሁንም ስገባ ብድግ ይላል።

«ጋሼ፣ የዶክትሬት ተማሪዎን ቦታ ነገር ልነግርዎት ነው። የመምህርነቱን ቦታ እስከ ሰኔ ይዤላታለሁ። ሰኔ ላይ ዲግሪዋን ካልያዘች ግን ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከእኔ እጅ ውጭ ነው።»

«ትጨርሳለች» አልኩት።

ከዚያ አንገቱን ወደ ወረቀቱ ደፍቶ ሌላ ነገር አጉረመረመ። የእኔን ኮንትራት ስለ ማራዘም መስሎኝ «ልክ ነህ» አልኩት። ቀና ብሎ እንግዳ አስተያየት አየኝ። ሥልጣን ሰውን እንዲህ ያደርገዋል፤ በጉሮሮው ማውራት ይጀምራል።

የካቲት 21፣ አርብ

ቸኩያለሁ። ልኬቱ ተደገመ። ያው። አስራ አንዱም። ሴንሰሩ ነው የተበላሸው። ከኤሌክትሪክ ክፍል አዲስ እንድትዋስ አዘዝኳት። ልጇን ከመዋያ የምታወጣበት ሰዓት አልፎባት ደረጃው ላይ ስታለቅስ አይተዋታል አሉ። ይህን ለምን እንደምጽፈው እንጃ።

የካቲት 30፣ እሑድ

ልጄ ከነልጇ መጣች። ስልክ መደወል ትታ በጽሑፍ ብቻ መላክ ከጀመረች ቆየች። ስወቅሳት «አባዬ፣ እሱ ይሻላል» አለችኝ። ለማን እንደሚሻል አልነገረችኝም።

ዜና ስከፍት የተለመደው ጭቅጭቅ ተነሳ። «ኧረ ቀንሰው! ጎረቤት ሁሉ ቴሌቪዥን መግዛት ትቷል፣ ከእኛ ቤት ነው የሚሰማው» ትላለች ባለቤቴ። ጣቢያዎቹ ድምፃቸውን እየቀነሱት እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። አልገባትም።

የልጅ ልጄ ግን ታስደስታለች። አንድ ነገር ልትነግረኝ ስትፈልግ ጭኔ ላይ ትወጣና አገጬን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴን ወደ ፊቷ ታዞራለች፤ ከዚያ ነው የምትናገረው። «ማን አስተማረሽ?» ስላት «እማዬ» አለች። ጥሩ ሥርዓት ነው። ሰው ሲያወራ ዓይን ለዓይን መተያየት አለበት።

እናትና ልጅ ወጥ ቤት ገብተው ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። ስገባ ዝም አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ እኔ እያወሩ እንደነበር ግን ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

«ማንን ነው የምታሙት?» አልኩ።

«አንድ ቀን ሐኪም ጋ እንሂድና ትታይ እያልን ነው» አለች ባለቤቴ።

«ምኔን?»

«እንዲያው በጠቅላላው። በአንተ ዕድሜ ሰው ይታያል።»

መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አዲሱ ሴንሰርም ያንኑ አለ። አስራ አንዱንም እኔው ራሴ በካቻቪቴ ደግሜ ሰማኋቸው። ምንም የለባቸውም። ቁጥቧ ፊት ለፊቴ ቆማ ቃላቱን እየነጠለች ታናግረኛለች። ከሌላው ሁሉ የእሷ ንግግር ይሻለኛል። አስተዳደግ ማለት ይሄ ነው።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ሴንሰሩ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሐሰት ማንቂያ ይሰጣል ብለሽ ጻፊ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እርስዎ ካሉ» አለች።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ረቂቁን አንብቤ ጨረስኩ። አጻጻፉ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ግን የራሱን ጅራት ይበላል። መቶ ምናምን ገጽ ሙሉ ሴንሰሩን ስታመሰግን ቆይታ እዚህ ስትደርስ ሴንሰሩ ይዋሻል ትላለች። እንዲህ በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ከውጭ የሚመጣው ፈታኝ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ «ታዲያ ይህ ዕቃ ለምን ይጠቅማል?» ማለቱ አይቀርም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ጥያቄውን ጠይቄ እጥላት ነበር። ሰኔ ደግሞ ደርሷል።

ግን ያልሰማሁትን ሰማሁ ልበል? የሰው ልጅ አንድ ታማኝ ነገር አለው፤ እሱም ጆሮው ነው። ባለቤቴ ይህን ባነብላት ምን እንደምትል አውቃለሁ። አላነብላትም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዛሬ ያየሁትን ድፍረት በማስተማር ዘመኔ አላየሁም።

ንዝረት በወረቀት አይገባም ብዬ ተማሪዎቹን ላብራቶሪ አወረድኳቸው። ጤነኛ ኩሽኔታ ምን እንደሚመስል ይወቁ ብዬ ከአስራ አንዱ አንዱን መርጬ አሰርኩ። እውነቱን ለመናገር ለቁጥቧም ማሳየት ፈልጌ ነበር። ሞተሩን ከፍ አደረግኩ፣ ካቻቪቴዬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ፣ «ስሙ፤ ጤና ማለት ይህ ነው» አልኩ። ቀና ስል የፊተኞቹ ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ወሽቀዋል። አንዷ በቦርሳዋ ጆሮዋን ሸፍናለች። አንዱ ፊቱን አጨማዶ በሩ ጋ ደርሷል። እኔ እያስተማርኩ! «መስማት የማትፈልጉ ውጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ወጡ። ሁሉም። አንድ እንኳ የሚያፍር ጠፋ።

ቁጥቧ መጥታ ክንዴን ያዘች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። አፏ ይንቀሳቀሳል። «ምን?» ከማለቴ በኃይል ወደ ራሷ ጎተተችኝ። በዚያው ቅጽበት ኩሽኔታው ነክሶ ያዘና ቺንጋው ተበጥሶ እኔ በነበርኩበት በኩል አልፎ ግድግዳውን መታው። ሞተሩን አጠፋችው። እኔ አልደነገጥኩም። የምደነግጥበትን ነገር አላየሁማ።

ሚያዝያ 3፣ አርብ

ፈታነው። የውጪው ቀለበት ተቦርቡሯል። ሴንሰሩ የጠቆመው ቦታ ላይ። ሴንሰሩ ያለውን ያህል።

«ግራሶ አንሶት ነው» አልኳት።

«ይሆናል» አለች።

ግራሶ አላነሰውም። የቀባሁት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ነገሩን በሥርዓት እንየው ብዬ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ላብራቶሪ ቀረሁ። የዚያን ቀን ድምፅ ቁጥቧ ቀድታዋለች፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈትኩት። ሥዕሉ ላይ አራት ሺህ ኸርዝ አካባቢ አንድ ሹል ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጆሮዬ ላይ ግን ምንም የለም። እንግዲያው ስፒከሩ ነው።

የድምፅ ማመንጫውን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ ከታች ጀመርኩ። አምስት መቶ፣ ጥሩ። አንድ ሺህ፣ ጥሩ። ሁለት ሺህ፣ ጥሩ። ሦስት ሺህ ላይ ደከመ። አራት ሺህ ላይ ሞተ። ሌላ ስፒከር አመጣሁ፤ እሱም እዚያው ሞተ። ሦስተኛ አመጣሁ። የመጨረሻውን ድረስ ከፍ አደረግኩት። ጸጥ። የግዢ ክፍል አንድ ቀን ደህና ዕቃ ገዝቶ አያውቅም ብዬ ስረግም፣ ከእጄ ላይ የረገፈ የጠመኔ ብናኝ ስፒከሩ ላይ አየሁ።

ብናኙ ይዘላል።

ጠጋ ብዬ አየሁት። በደንብ ይዘላል። ያን ጊዜ በሩ ብርግድ አለና የሕንፃው ጥበቃ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ገባ።

«ኧረ ፕሮፌሰር፣ በፈጠረዎት! አናታችንን በሳው እኮ!»

አጠፋሁት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሲወጣ በሩን ዘግቼ አንድ ጊዜ ደግሜ አበራሁት። ብናኙ ዘለለ። አጠፋሁት።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ስፒከሮቹ ደህና ናቸው። ሦስቱም።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ለባለቤቴ «ሐኪም ጋ እንሂድ» ስላት ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ጫማዋን አደረገች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብታ፣ ማዳመጫ አድርጋልኝ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገረችኝ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። ከዚያ ቆየ። በመስታወቱ በኩል እጇ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አንድ ነገር እየላከች ነው፣ እኔ ጋ ግን አይደርስም። የሰማሁ መስዬ ልጫን ዳዳኝ። ተማሪ ለምን እንደሚኮርጅ በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ።

ግራፉን አሳየችኝ። እስከ ሁለት ሺህ ደልዳላ ነው። ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል።

«ነርቭ ነው፤ አይመለስም» አለች ጮክ ብላ። «ለዓመታት ሲቀንስ የኖረ ነው። ማሽን አጠገብ ነው የሚሠሩት?»

«ተደግፌው» አልኳት።

የመስሚያ መሣሪያ ታዟል፤ ሰኔ ላይ ይደርሳል።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። የታመመ ኩሽኔታ መጀመሪያ በቀጭኑ ያፏጫል፣ ሊሰበር ሲደርስ በወፍራሙ ይንኳኳል። እኔ ስሰማ የኖርኩት መጨረሻውን ብቻ ነበር። ያንን ደግሞ ማንም ይሰማዋል። በእነዚህ ዓመታት ደህና ነው ብዬ የፈረምኩባቸውን ማሽኖች ማሰብ ጀመርኩ። ነገ ለፋብሪካዎቹ እደውላለሁ። አይ፣ እጽፍላቸዋለሁ።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ አለቀሰች። መንገድ ዳር አቆምኩ። «ስንት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነው ሳወራ የኖርኩት» አለች ወደ እኔ ዞራ። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሆነች፣ ዕድሜ ነው እያልኩ ነበር። አፈርኩ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ቁጥቧን ቢሮዬ ጠርቼ በሩን ዘጋሁ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ዓመት። የእሳት ማንቂያው የጮኸ ቀን። ሁላችንም ስንወጣ እርስዎ ቁጭ ብለው ፈተና ያርሙ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ ነው የምነግርዎት?»

«ሦስተኛው ምዕራፍ ውሸት መሆኑን እያወቅሽ ጻፍሽው! በእሱ ትወድቂ ነበር እኮ!»

«እወድቅ ነበር» አለች። ከዚያ ካወቅኋት ጀምሮ ረጅሙን ንግግሯን ተናገረች። «እኔ ብወድቅ እንደ ምንም ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እርስዎ ግን ‘ጆሮ’ ነው የሚባሉት። እሱን ከወሰድኩብዎት ምን ይቀርዎታል ብዬ ነው።»

ተቆጣሁ። ሲታዘንለት የማይቆጣ ሽማግሌ የለም። «ማስተማር ይቀረኛል» ማለት ነበረብኝ፤ ይህ መልስ ግን የመጣልኝ አሁን ስጽፍ ነው። ይልቅ የሐኪሟን ግራፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና የአስራ አንዱን ሥዕል ከላዩ አደረግኩበት። የእኔ መስመር ቁልቁል ከሚወርድበት ቦታ የእነሱ ሹል ጫፍ ይጀምራል። አንድም የሳተ የለም።

«ምዕራፉን እንደገና ጻፊው። ይህንንም አስገቢው» አልኳት።

«አይሆንም፣ ፕሮፌሰር!»

«ጆሮው የእኔ ነው፤ ፈቅጃለሁ። እንዲህ የሚገጥም ዳታ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

አለቀሰች። በዚህ ሳምንት ሴት ሁሉ ፊቴ እያለቀሰ ነው።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

ኃላፊው አዲሱን ምዕራፍ አንብቦ ቢሮዬ ድረስ መጣ። በሩን ዘጋ፣ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ የአድማጩ ማንነት ሳይገለጽ ይለፍ። ‘አድማጭ ቁጥር አንድ’ ይበቃል። ኮንትራትዎ ሰኔ ላይ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ለምን ራስዎን በራስዎ...»

«የላብራቶሪው ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ኮሚቴው አያውቅም። ጠያቂ ከሌለ መላሽ የለም።»

እሺ አልኩ። ቁጥቧም እሺ አለች፤ እንዲያውም ደስ ያላት መሰለኝ። ለእሷም አይጎዳትም፤ ዳታው ዳታ ነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ቁጥቧ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ዲፌንስ ዛሬ ነበር። በደንባችን አማካሪ ከፊት ተቀምጦ ዝም ይላል፤ ተማሪው ሲጠየቅ አፉን አይከፍትም። መሣሪያዬ ስላልደረሰ ለእኔ ተስማምቶኝ ነበር።

ከውጭ የመጣው ፈታኝ ሪዛም ሽማግሌ ነው። ሪዙ ከንፈሩን ሸፍኖታል፤ የሚለውን ከአፉ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ሰዎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔም ነቀነቅሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ አንዱ ፈታኝ ፈገግ አለ። ሦስተኛው ላይ ግራፌ ግድግዳው ላይ በራ።

ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቀ።

ቁጥቧ አልመለሰችም። ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ደግሞ ጠየቀ። አሁንም ዝም። ኃላፊው ወደ እኔ አየና ቶሎ ብሎ ወደ ጣራው አየ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እሷ የማትመልሰው ጥያቄ የለም። ሽማግሌው ብዕሩን አንስቶ መጻፍ ጀመረ። ፈታኝ ሆኜ ስለኖርኩ ያ ብዕር ምን እንደሚጽፍ አውቃለሁ።

ተነሳሁ። ሊቀመንበሩ እጁን አንስቶ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ።

«ይቅርታ፣ ጥያቄው አልተሰማኝም» አልኩ። ይህን ቃል በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «ጆሮዬ አይሰማም። እባክዎን ጮክ ብለው ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው ብዕሩን አስቀመጠና አንገቱን አስግጎ ጮኸ።

«ይህ አድማጭ ቁጥር አንድ ማነው ነው ያልኩት! የማይሰማን ሰው ማመሳከሪያ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አድማጩም፣ የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ጆሮዬን ሳላስመረምር ነው የገባሁበት። ሴንሰሩ ይዋሻል ብለሽ ጻፊ ያልኳትም እኔ ነኝ። ትክክሉን ከሁላችን ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት፤ ዝም ያለችው ለእኔ ብላ ነው። በዚያ እንዳትጥሏት።»

ተቀመጥኩ። ኃላፊው ግንባሩን በእጁ ይዟል፤ የእኔ ኮንትራት እንግዲህ እንዳለ ይሁን። ቁጥቧ ቀና ብላ ማውራት ጀመረች። ለረጅም ጊዜ አወራች። ከተቀመጥኩበት ጀርባዋን ብቻ ነበር የማየው፣ አንድ ቃል አልደረሰኝም። ሽማግሌው ግን እጁን አገጩ ላይ አድርጎ እስክትጨርስ ሰማት።

ኮሪደር ላይ አስወጥተውን ቆየን። ሲጠሩን ገባንና ቆምን፤ ሊቀመንበሩም ወረቀት ይዞ አነበበ። የሚለው አልተሰማኝም። ቁጥቧ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ዓይኗ እየሳቀ ወደ እኔ ስትዞር ግን፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ።